የአርቪድ ማማ እና የዳርሊን ባልዲ

ዳርሊን ኦያላ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናት። በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ሰሜን ከታላቁ ሐይቅ ዳር ተነስቶ፣ ጫካውን ሰንጥቆ እስከ አሮጌው የመዳብ ማውጫ በሚዘልቀው መንገድ ላይ የትኛው ልጅ የቱ ጋ ቆሞ እንደሚጠብቃት፣ የትኛው ጓንቱን ረስቶ እንደሚመጣ፣ የትኛዋ እናት በሌሊት ልብሷ ሮጣ የምሳ ዕቃ እንደምታቀብል ጠንቅቃ ታውቃለች። ለበረዶም ለጉንፋንም ብላ ከሥራ ቀርታ አታውቅም። የኅዳር የአጋዘን አደን ሲከፈት ግን ፈቃድ ትወጣለች። በዚያ አገር ይህ የሚወራለት ነገር አይደለም፤ የመክፈቻው ዕለት ትምህርት ቤቱ ራሱ ይዘጋል፣ የጥርስ ሐኪሙም በሩ ላይ "አደን ሄጃለሁ" ብሎ ይለጥፋል።

የኦያላዎች የአደን ጎጆ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ወንዝ ዳር ናት። አያታቸው ከፊንላንድ መጥተው መዳብ ሲቆፍሩ ኖረው፣ ከመሬት በታች መዋል ሲሰለቻቸው የሠሯት ናት። ሲሞቱ ጎጆዋን ብቻ ሳይሆን ሕጉንም ትተው ነው የሞቱት። ሕጉ አጭር ነው። እያንዳንዱ አዳኝ ዛፍ ላይ የተሠራ የራሱ ማማ አለው፤ በሰው ማማ ላይ ማንም አይወጣም፤ ማማ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። ዳሩ ግን አምስት ዓመት ሙሉ አንድም አጋዘን ያልተጣለበት ማማ ከባለቤቱ ተወስዶ ተራ ለሚጠብቅ ይሰጣል። ሽማግሌው ሰነፍ አይወዱም ነበር ይባላል። ሰነፍና ዕድለ ቢስ በምን እንደሚለዩ ግን አልተናገሩም።

ዳርሊን ማማዋን የወረሰችው ከአባቷ ከአርቪድ ነው። አርቪድ እዚያ ማማ ላይ ሆነው የጣሏቸው አጋዘኖች ቀንድ የጎጆዋን አንድ ግድግዳ ሞልቶ ወደ ሁለተኛው ዞሯል። ሲሞቱ ቤታቸው ተሸጠ፣ መኪናቸውን ታላቅ ወንድሟ ዌንደል ወሰደ፣ ለእሷ ማማው ደረሳት። ቅር አላላትም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትመኘው የኖረችው እሱን ነበር። እነሆ ይህ አምስተኛ ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ማማ ላይ ሆና እስካሁን አንዲት ጥይት አልተኮሰችም።

አልሞከረችም እንዳይባል። የመጀመሪያውን ዓመት ዕድል ነው ብላ አለፈችው። በሁለተኛው በጋውን ሙሉ ዒላማ ስትተኩስ ከረመች፤ ባዶ የአተር ቆርቆሮ ከሩቅ መጣል ቻለች፣ አጋዘን ግን ብቅ አላለም። በሦስተኛው ልብሷን ሽታ በሌለው ሳሙና አጥባ አጥባ፣ መልሳ የአሳማ ሥጋ ከሚጠበስበት ምድጃ በላይ ሰቀለችው። እዚያ ቤት ልብስ የሚሰቀለው እዚያ ነው፤ ነገሩን ማንም ልብ አላለውም። በአራተኛው ዓመት ሁለት ወንድ አጋዘኖች የሚዋጉ እንዲመስልና ሌላው ሰምቶ እንዲመጣ አሮጌ ቀንዶች ስታጋጭ ዋለች። የመጣው አንድ ቀይ ሽኮኮ ብቻ ነበር፤ እሱም ሲሰድባት ቆይቶ ሄደ። ያልለወጠችው ነገር ቢኖር መቀመጫዋን ነው። እሱን መለወጥ ደግሞ አይታሰብም፤ የአርቪድ ማማ ነዋ።

መቀመጥማ ታውቅበታለች። ሳይነጋ ትወጣለች፣ ሲጨልም ትወርዳለች። ወንዶቹ ብርድ ሲያንገበግባቸው ቀትር ላይ ወደ ጎጆዋ ተመልሰው ሾርባ ይጠጣሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ፤ እሷ ንቅንቅ አትልም። ጊዜው እንዲሄድላት በሐሳቧ አውቶቡሷን ትነዳለች፤ ልጆቹን አንድ በአንድ ታሳፍራለች፣ ታወርዳለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሚይዛት ሌላ ነገር ነበር። ብርሃኑ መቅላት ሲጀምር ከወንዙ በኩል የበርች እንጨት ጭስ እየሳሳ ይመጣል። ፊንላንዶች ሳውና ከሚሉት፣ ጎጆዋ አጠገብ ካለው የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት የሚወጣ ጭስ ነው። የአባቷ ካፖርት የሚሸተው እንደዚያ ነበር። ያ ሽታ ሲደርሳት ጣቶቿ የሞቁ ይመስላታል፣ ዓይኗ እንባ ያቀርራል፣ "ነገም እወጣለሁ" ትላለች። ተስፋ ሳትቆርጥ ያቆያት ጠመንጃውም ሕጉም ሳይሆን ይኸው ጭስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሳውናውን የሠራው ዌንደል ነው። አርቪድ በመጨረሻ ዓመታቸው የዝግባ ሳንቃ አስጠርበው፣ ደርድረው፣ ሸራ አልብሰው ትተውት ነበር። ዌንደል ቀብሩ ላይ አንዲት እንባ አላወጣም። በዚያው ዓመት በጋ ግን ሳንቃውን አንድ ሳያስቀር ተሸክሞ ወንዙ ዳር፣ ከጎጆዋ ትንሽ ራቅ አድርጎ ሳውና ሠራ። በሩ ላይ የአባቱን ስም በቢላዋ ቀረጸ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለኮስ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ አደን በተከፈተ ቁጥር ሳውናውን የሚያነዱት አጎታቸው ኦኒ ናቸው። ኦኒ ሰማንያን ስለተሻገሩ ጫካ አይወጡም፤ ያበስላሉ፣ እንጨት ይፈልጣሉ፣ ሁሉንም በየተራ ይሳደባሉ።

በአምስተኛው ዓመት አደኑ ቀዝቃዛ ሆነ። ጎጆዋ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዛፎች መካከል በታሰረው አግዳሚ ግንድ ላይ ዌንደል የጣለው አንድ አጋዘን ብቻ ተንጠልጥሏል። የመጨረሻው ሳምንት ገባ፤ ቅዳሜ አደኑ ይዘጋል። ማክሰኞ ጠዋት ሁሉም ቦት ጫማውን ሲያስር ትራቪስ አፉን ከፈተ። ትራቪስ የዌንደልን ልጅ ያገባ ነው፤ ማማ የለውም፣ ተራ ጠባቂ ነው። መጥፎ ልጅ አይደለም፤ አፉ ግን ለከት የለውም።

"አክስቴ፣" አላት፣ "ቅዳሜ ስትወርጂ ትራሷን እዚያው ተይልኝ።"

"የቷን ትራስ?"

"ያቺን የምትቀመጪባትን። አምስት ዓመት ሙሉ ስታሞቂልኝ የኖርሽውን።"

"አንተ ልጅ፣" አሉ ኦኒ ከምድጃው ሳይዞሩ፣ "ማማ የምትፈልገው ለመተኛት ከሆነ አልጋህ ምን አደረገህ?"

"እኔ ምን አጠፋሁ አጎቴ? ሕጉ እኮ ነው።"

"ሕጉማ ሕግ ነው፣" አለ ዌንደል። እህቱን ግን አላያትም።

ዳርሊን ጠመንጃዋን አንግታ ወጣች። ማማው ላይ ሆና ግን ነገሩን ስታገላብጠው አረፈደች። ማማውን መነጠቅ አንድ ነገር ነው፤ ለምን እንደተነጠቀች ሳታውቅ መነጠቅ ደግሞ ሌላ። አባቷ እዚህ ይቀመጡ ነበር፣ እሷም እዚሁ ተቀምጣለች። እሳቸው አጋዘን አዩ፣ እሷ አላየችም። ምን ተለወጠ? እስከዚያ ቀን ድረስ ስትጠይቅ የኖረችው "መቼ ይመጣሉ?" እያለች ነበር፤ "ለምን አይመጡም?" ብላ አታውቅም። ጥያቄው አፍንጫዋ ሥር ነበር፤ ትዕግሥቷ ጋርዶባት ኖሯል።

ቀትር ላይ ወረደች። በኦያላዎች ዘንድ አደን ተከፍቶ ሳለ በጠራራ ቀን ጫካ ውስጥ መንከራተት ነውር ነው፤ ዱሩን ያስበረግጋል ይባላል። ስለዚህ እንደ ሌባ ግራና ቀኝ እያየች ሄደች። ሌሊቱን አዲስ በረዶ ጥሎ ስለነበር ኮቴ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወደ ኮረብታው አቅንታ ብዙም ሳትርቅ የአጋዘን ኮቴ አገኘች፤ የአንድ ሳይሆን የብዙ። ከኮረብታው ወርደው፣ አባቷ በሚያወሩላት በዚያችው አሮጌ መንገድ፣ በቀጥታ ወደ ማማው ይመጡ ነበር። ተከተለቻቸው።

ወደ ማማው ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው፣ አንድ የወደቀ ግንድ ጋ፣ ሁሉም ቆመዋል። በረዶውን ረጋግጠውታል። ከዚያ ታጥፈው፣ ረግረጉን የከበቡትን ዝግባዎች ጥግ ይዘው፣ ማማውን በሩቁ ዞረው አልፈዋል። አንዱ ብቻ ቢሆን ምንም አይደለም። ሁሉም ግን እዚያችው ግንድ ጋ ነው የታጠፉት። ዝግባዎቹ ሥር ያለችው መንገዳቸውም ተረግጣ ተረግጣ እንደ ቦይ ጎድጉዳለች፤ የአንድ ዓመት ሥራ አይደለችም።

ዳርሊን ግንዱ ላይ ተቀመጠች። አንድ ጊዜ በአውቶቡሷ መስመር ላይ ያለው ድልድይ ሲጠገን በሌላ መንገድ ትዞር ነበር። ድልድዩ ተከፍቶም እጇ መሪውን ወደዚያው ያዞረው ነበር። እነዚህም የሚዞሩት አንድ ነገር መንገዳቸውን ዘግቶባቸው መሆን አለበት። ምን ይሆን? ዙሪያውን ብታይ ብታይ ምንም የለም። እዚያው እንደተቀመጠች ሰዓቱ ነጎደ፣ ብርሃኑ ቀላ፣ ያኔ ሽታው መጣ።

የበርች ጭስ ነው። ከሐይቁ የሚነፍሰው ነፋስ እየነዳው፣ መሬት ለመሬት፣ በአባቷ ማማ ሥር አልፎ ግንዱ ጋ ደረሰ። ተከትሎ የኦኒ ባልዲ ሲንኳኳ ተሰማ፤ ከዚያ የኦኒ መዝሙር፤ በመጨረሻም ዌንደል ከሳውናው ራቁቱን ወጥቶ በረዶ ላይ ሲንከባለል የሚያሰማው ጩኸት። ይህን ሁሉ ከማማው ላይ ሆና በየቀኑ ስትሰማው ኖራለች፤ ትስቅበት ነበር እንጂ አንድም ቀን ከአጋዘኑ ጋር አላገናኘችውም። አጋዘን ከመሸገበት በሚወጣባት በዚያች ሰዓት፣ ይህን ጉድ እየሰማና እያሸተተ ወደ ማማው የሚመጣ አጋዘን ቢኖር በሽተኛ ነው።

መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ከዚያ ሳቁ አፏ ውስጥ ቀረ። አባቴን ያስታውሰኛል ብላ የምትምገው ጭስ ነው የአባቷን ማማ የገደለው። ያቆመውም ወንድሟ ነው፣ ያውም በአባታቸው ሳንቃ።

መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ሳውናው ከመሸ በኋላ ይለኮስ። እስከ ቅዳሜ ቀናት አሉ፤ ማማው ሊተርፍ ይችላል። ራት ላይ ይህንኑ ልትናገር ተዘጋጅታ ቀረበች። ኦኒ ሥጋና ድንች በሊጥ ጠቅልለው ጋግረዋል። ዌንደል ከሳውናው እንደወጣ ፊቱ በርበሬ መስሏል።

"ዛሬማ አባባን እዚያ ውስጥ ያገኘሁት መሰለኝ፣" አለ። "ውሃውን የጋለው ድንጋይ ላይ ስደፋው ቸሽ ሲል... አባባ በድሮው ሳውና እሱን እየሰማ ሲያፏጭ ትዝ ይልሻል?"

"ይለኛል።"

"በሕይወቱ እያለ ምንም አላደረግኩለትም፣ ዳርሊን። ያንን ሳውና ግን ደህና አድርጌ ሠራሁለት።"

"ደህና አድርገህ ነው የሠራኸው፣" አለች። የቀረውን ከድንቹ ጋር ዋጠችው።

"አክስቴ፣ ዛሬስ ምን አየሽ?" አለ ትራቪስ።

"ኮቴ አየሁ።"

"ኮቴ አይጠበስም።"

"ምላስ ግን ይጠበሳል፣" አሉት ኦኒ። "በሽንኩርት።"

ረቡዕን ሙሉ ማማው ላይ ተቀምጣ አሰበችበት። ብትናገር ማማው ይተርፍላታል፤ ዌንደል ግን ከእንግዲህ ያንን ሳውና እንደ ድሮው አይሞቀውም፤ በገባ ቁጥር የአባቱን ማማ ያበላሸ መሆኑ ትዝ ይለዋል። ዝም ብትል ማማው ይሄዳል። ማማውን ትወደዋለች፤ ከአባቷ የቀራት እሱ ብቻ ነው። ወንድሟ ደግሞ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ሰው የሆነው በዚያ ሳውና ነው። ሊመሽ ሲል መሰላሉን ከመያዟ በፊት የማማውን ወለል በእጇ መታ መታ አደረገች። "አባባ፣ አትቀየመኝ፣" አለች። ላትናገር ቆርጣለች፤ ነገሩ በዚህ አለቀ።

ያን ምሽት ልብሷን ከምድጃው በላይ አልሰቀለችም፤ ውጭ ገመድ ላይ አሳደረችው። ጠዋት ኦኒ ሲያዩት እንጨት ሆኗል።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄን ልትለብሽው ነው ወይስ ልታቆሚው?"

"ጥብስ ጥብስ መሽተት ሰልችቶኝ ነው፣ አጎቴ።"

"ጥብሱ ምን በደለሽ?" አሉ፤ እውነትም ቅር ብሏቸዋል።

ከሳውናው ጀርባ የተጣለ ስንጥቅ ባልዲ ነበር። እሱን አንጠልጥላ ወደ ዝግባዎቹ ሄደች፤ ነፋሱ ከፊቷ እየመጣ ሽታዋን ወደ ኋላ እንዲወስድላት አድርጋ፣ የአጋዘኖቹ መታጠፊያ ወለል ብሎ በሚታይበት ቦታ ባልዲውን ደፍታ ተቀመጠች። ጠዋቱ ባዶውን አለፈ። ቀትሩም እንዲሁ። ብርዱ ከመሬት ተነስቶ በባልዲው በኩል አጥንቷ ድረስ ገባ፤ ትራሷ ማማው ላይ ናት። ከሰዓት በኋላ የበርች ጭሱ ሲመጣ ግን እንደ ወትሮው ሆዷ አልባባም። ጠመንጃዋን ከጭኗ ላይ አነሳች። ከወዲያ የሳውናው ባልዲ ተንኳኳ፣ ኦኒ ዘመሩ፣ ዌንደል ጮኸ። ሁሉም ነገር በሰዓቱ ነበር።

መጀመሪያ አንዲት እንስት መጣች። ግንዱ ጋ ቆመች፣ አፍንጫዋን አነሳች፣ ታጠፈች። ከኋላዋ አንድ ቀንዱ የተሰበረ ወፍራም ወንድ ይከተላል። እሱም ቆመ፣ እሱም ታጠፈ፣ በዝግባዎቹ ሥር እየተንጎራደደ መጣላት። ዳርሊን ትንፋሿን ይዛ ተኮሰች። ጥቂት ሮጦ ወደቀ። ባልዲው ላይ መልሳ ተቀመጠችና አለቀሰች። ደስ ብሏት ነው፤ ማማው ስለሄደባትም ነው።

ዌንደል ገመድ ይዞ እየሮጠ ደረሰ። የካፖርቱን ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎታል፤ እርጥብ ፀጉሩ በረዶ ሠርቶ ቆሟል።

"ተኩሱ ከማማው አይደለም፣" አለ ገና ሳይቀርብ።

"አይደለም።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ? ሁለት ቀን ሲቀርሽ ከማማው ትወርጃለሽ? ይሄ እኮ አይቆጠርልሽም!"

"አውቃለሁ።"

ሌላም ሊናገር ነበር፤ ዓይኑ ኮቴዎቹ ላይ ሲያርፍ ተወው። ዌንደል ፀጉሩ የሸበተው በአደን ነው፤ ያየውን የሚያስረዳው ሰው አያስፈልገውም። ኮቴዎቹን በዓይኑ ተከትሎ ግንዱ ጋ ሲታጠፉ አየ። ቀና ሲል ጭሱ በአባቱ ማማ ሥር ተነጥፎ አየው።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ማክሰኞ።"

"ማክሰኞ ማታ እኮ አብረን ነው ራት የበላነው።"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሳውናው ጥሩ ነው፣ ዌንደል፣" አለች። "ገመዱን አቀብለኝ።"

አጋዘኑን ጎትተው ወስደው ጎጆዋ ፊት አግዳሚው ግንድ ላይ ሰቀሉት።

ቅዳሜ ዌንደል ሕጉን ሊሽር ተነሳ። አያታችን ሳውና መሃል እንደሚገባ በምን ያውቁ ነበር ብሎ ተከራከረ። እምቢ ያለችው ዳርሊን ራሷ ናት፤ "ሕጉማ ሕግ ነው ያልከው አንተው አይደለህም?" አለችው። ለትራቪስ ማማውን ከነትራሷ አስረከበችው። እሱም ቆቡን አውልቆ ተቀበላት። ዌንደል አንድ ነገር ብቻ በግድ አጸደቀ፤ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ አደን እያለ ሳውናው የሚለኮሰው ከመሸ በኋላ ነው።

"እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንጨት በባትሪ ልፈልግ?" አሉ ኦኒ። "አጋዘኑ ነው ወይስ እኛ ነን የዚህ ቤት ሰዎች?"

የሚቀጥለው ዓመት መጣ። ሳውናው ቀን ቀን ቀዝቅዞ ዋለ። ትራቪስ አደኑ በተከፈተ በማግስቱ ከአርቪድ ማማ ላይ ሆኖ ከአርቪድ ወዲህ ያልታየ ባለ ትልቅ ቀንድ ጣለ። ዳርሊን በልበ ሙሉነት ወደ ባልዲዋ ሄዳ ነበር፤ ምንም አላየችም። በማግስቱም ምንም። የዝግባዎቹ ሥር መንገድ በረዶ ሞልቶት ጠፍቷል። ጭሱ ሲቀር ድልድዩ ተከፈተ፤ አጋዘኖቹ ወደ ድሮ መንገዳቸው ተመለሱ። በዚህ ጊዜ ለመረዳት አምስት ዓመት አልፈጀባትም።

ምሳ ላይ ይህንኑ ስታወራ ዌንደል ማንኪያውን አስቀመጠ።

"እንግዲህ ሁለቴ አበላሸሁብሽ ማለት ነው፣" አለ። "ከፈለግሽ ሳውናውን መልሰን በቀን እንለኩሰዋለን።"

"አሁን ገና ሰው ሆንክ፣" አሉ ኦኒ።

"ተዉት እባካችሁ፣" አለች ዳርሊን እየሳቀች።

ትራቪስ ሳህኑን ገፋ አደረገ። "አክስቴ፣ ማማው ላይ ተራ በተራ እንውጣ። ቀልዴን አይደለም።"

ዳርሊን አየችው። እውነቱን ነበር። አላማራትም ማለት ውሸት ነው፤ የማማው ወለል በመዳፏ ሥር የሆነ ያህል ተሰማት።

"ያንተ ነው፤ አሙቀው፣" አለችው።

"ታዲያ አንቺ የት ልትቀመጪ ነው?" አለ ዌንደል።

"እኔ እንጃ። ሄጄ ልየው።"

ሾርባዋን ጨርሳ ወጣች። ውጭ ገመዱ ላይ የሁሉም የአደን ልብስ ተሰቅሎ በብርድ ደርቋል፤ የኦኒ ካፖርት ሳይቀር። የራሷን አውርዳ ለበሰች፣ ባልዲዋን አንጠለጠለች፣ ወደ ኮረብታው አቀናች። ቀትር ነበር። ዱሩን ታስበረግጊያለሽ ያላት ሰው አልነበረም።